ሞትን «ከክትትል ጠፋ» ብለን አንመዝግበው

ሰሞኑን ለጤና ተመራማሪዎችና ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎች በአማርኛ የተዘጋጀ አንድ ረዘም ያለ ጽሑፍ አነበብኩ። ጉዳዩ የሰርቫይቫል ትንተና ሶፍትዌር ነው፤ አንድ ሰው ከታከመበት ወይም ከሆስፒታል ከወጣበት ቀን ጀምሮ አንድ ነገር እስኪደርስበት ያለውን ጊዜ የምናሰላበት ፕሮግራም ማለት ነው። በዚህ ጉዳይ በአማርኛ የሚጽፍ ሰው ጥቂት ነውና ጸሐፊው ስለደከሙበት አመሰግናቸዋለሁ። ይሁን እንጂ ከዋና ዋና ነጥቦቻቸው አብዛኞቹን አልቀበልም። ተማሪ እንዳሉ ወስዶ የመመረቂያ ጥናቱን ሊሠራባቸው የሚችሉ ምክሮች ስለሆኑም ዝም ብዬ ላልፋቸው አልቻልኩም።

ጽሑፉ በአጭሩ የሚለው ይህን ነው። «ከፊል ተፎካካሪ ክስተቶች» የሚባለው ለቆየው «ተፎካካሪ ክስተቶች» የተሰጠ አዲስ ስም ነው፤ ስለዚህ የተለየ ሶፍትዌር አያስፈልገውም። ታካሚው ከሞተ በሞተበት ቀን ክትትሉ እንደተቋረጠ ቆጥሮ መቀጠል ይቻላል። አር ለተባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም የተጻፉት ነጻ ፓኬጆች (ተጨማሪ ክፍሎች) ኃላፊነት የሚወስድላቸው ድርጅት ስለሌለ አይታመኑም፤ በምናሌ የሚሠራ አንድ የታወቀ ሶፍትዌር ለሁሉም ይበቃል። ድብቅ ተጋላጭነትን የሚያስገቡ ሞዴሎች ጌጥ ናቸው። በመጨረሻም በእኛ አገር የናሙና መጠን ይህ ሁሉ ቅንጦት ነው። ለማስረጃ የቀረበው ምሳሌ የሁለት ሆስፒታሎች ንጽጽር ነው፤ ከወጡ በኋላ ተመልሰው የተኙ ታካሚዎች ያነሱበት ሆስፒታል የተሻለ ሕክምና እንደሚሰጥ ጽሑፉ ይደመድማል። ወደዚህ ምሳሌ እመለስበታለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከስሙ ልጀምር። ሁለቱን የሚለያቸው የመዘጋቱ አቅጣጫ ነው። በተፎካካሪ ክስተቶች አንዱ ሲደርስ ሌላው ይዘጋል፤ በልብ ሕመም የሞተ ሰው በካንሰር አይሞትም፣ በካንሰር የሞተም በልብ ሕመም አይሞትም። መዝጋቱ ከሁለቱም ወገን ነው። አሁን ደግሞ የደም ካንሰር ታክሞ የዳነ ሰው እናስብ። በሽታው ሊያገረሽበት ይችላል፤ ሊሞትም ይችላል። ከሞተ ማገርሸት የሚባል ነገር የለም። ካገረሸበት ግን አሁንም በሕይወት አለ፣ አሁንም እንከታተለዋለን፣ የሚሞትበትንም ቀን እናውቃለን። ሞት ማገርሸትን ይዘጋል፣ ማገርሸት ግን ሞትን አይዘጋም። ጄሰን ፋይን፣ ሆንግዩ ጂያንግና ሪክ ቻፔል በ2001 ባሳተሙት ጥናት «ከፊል» የሚለውን ቃል የተጠቀሙት ለዚህ ነው።

ይህ የአቅጣጫ ልዩነት ትልቅ የሒሳብ ውጤት አለው። አናስታሲዮስ ጺያቲስ በ1975 እንዳሳየው፣ ከተፎካካሪ ክስተቶች መረጃ የሁለቱን ክስተቶች ትስስር ማወቅ አይቻልም፤ ከአንድ ሰው የምናየው አንዱን ጊዜ ብቻ ነውና። በከፊል ተፎካካሪዎች ግን በአንድ ሰው ላይ ሁለቱንም ጊዜ የምናይበት ክፍል አለ፤ መጀመሪያ ያገረሸባቸውና በኋላ የሞቱት። ስለ ትስስሩ መረጃ የሚሰጡን እነዚህ ሰዎች ናቸው። «አዲስ ስም ነው» ብሎ ማለፍ እነዚህን ሰዎች ከሰንጠረዡ ማውጣት ነው።

በቃል ብቻ እንዳይቀር የታወቀ መረጃ ላንሣ። በ1980ዎቹ በአሜሪካና በአውስትራሊያ በሚገኙ አራት ሆስፒታሎች የመቅኒ ንቅለ ተከላ የተደረገላቸው የ137 ሕመምተኞች መረጃ በዓለም ዙሪያ የሰርቫይቫል ትንተና ማስተማሪያ ሆኖ ያገለግላል፤ ለዚሁ ጉዳይ በተሠራው ሴሚኮምፕሪስክስ በተባለው የአር ፓኬጅ ውስጥም ተቀምጧል። ከ137ቱ ውስጥ 42ቱ አገረሸባቸው። 41ዱ ሳያገረሽባቸው ሞቱ። 54ቱ ክትትሉ እስኪያበቃ ሳያገረሽባቸው በሕይወት ቆዩ። እስከዚህ ድረስ የጸሐፊው ሶፍትዌር ይከተለናል፤ የመጀመሪያውን ክስተት ብቻ ወስዶ 83 ሰዎችን በሁለት ይከፍልና ያቆማል። ነገር ግን ከ42ቱ ውስጥ 40ዎቹ በኋላ ሞተዋል። በጠቅላላው 81 ሰዎች ሞተዋል ማለት ነው፤ ጸሐፊው የሚመክሩት ስሌት ከእነዚህ ውስጥ ግማሽ ያህሉን አያያቸውም። ሐኪሙ ግን ሊጠይቅ የሚፈልገው ስለ እነርሱ ነው። በሽታው ካገረሸ በኋላ የሞት አደጋ በስንት እጥፍ ይጨምራል? ቶሎ ያገረሸበትና ዘግይቶ ያገረሸበት ሰው ዕጣቸው ይለያያል ወይ? የ40ዎቹን ቀናት የጣለ ፕሮግራም ለዚህ መልስ የለውም፤ የሚያሳዝነው ደግሞ መልስ እንደሌለው አይናገርም።

ትክክለኛው ሥዕል ሦስት ቀስቶች ያሉት ነው። ከጤና ወደ ሕመም፣ ከጤና ወደ ሞት፣ ከሕመም ወደ ሞት። ይህን ሥዕል ተማሪዎቼ ኮምፒውተር ከመክፈታቸው በፊት በወረቀት እንዲሥሉት አደርጋለሁ፤ በየቀስቱ ላይም ስንት ሰው እንዳለፈ በእርሳስ እንዲጽፉ እጠይቃለሁ። ከላይ ባለው ምሳሌ 42፣ 41 እና 40 ነው። እነዚህ ሦስት ቁጥሮች በእጃቸው ከገቡ በኋላ የትኛው ሶፍትዌር የትኛውን ቀስት እንደሚጥል ራሳቸው ያዩታል።

ሁለተኛው ነጥብ ይበልጥ ያሳስበኛል፤ ምክንያቱም በብዙ ጥናቶች ላይ የማየው ይህንኑ ነው። ጸሐፊው የሞተውን ሰው ሴንሰር እናድርገው ይላሉ፤ ማለትም «እስከዚህ ቀን ተከታትለነዋል፣ ከዚያ በኋላ አላየነውም» ብለን እንመዝግበው። ሴንሰር ማድረግ የራሱ እምነት አለው። ከክትትል የወጣው ሰው ከቀሩት ጋር ተመሳሳይ ነው፣ ባናየውም ክስተቱ በኋላ ሊደርስበት ይችላል ብለን እናምናለን። ወደ ሌላ ከተማ ለተዛወረ ታካሚ ይህ እምነት ሊሠራ ይችላል። ለሞተ ሰው ግን አይሠራም።

ቀለል ያለ ስሌት በምናብ እንሥራ። 100 ታካሚዎች ከሆስፒታል ወጡ። በመጀመሪያዎቹ ወራት 10ሩ ተመልሰው ተኙ። ቀጥሎ 40ዎቹ ሳይመለሱ በቤታቸው ሞቱ። ከቀሩት 50 ሰዎች መካከል ደግሞ 10ሩ ዘግይተው ተመልሰው ተኙ። ሳይመለስ የቆየ ሰው ድርሻ በካፕላን ማየር ስሌት፣ ሞትን ሴንሰር አድርገን ስናሰላው፣ መጀመሪያ 0.90፣ ቀጥሎ ከ50ው 40ው ስለቀሩ 0.80 ይሆናል፤ ሁለቱ ሲባዙ 0.72። ስለዚህ ሶፍትዌሩ «28 በመቶ ተመልሰው ይተኛሉ» ይለናል። በጣታችን ብንቆጥር ግን ከ100 ሰው የተመለሱት 20 ናቸው። ስምንቱ ተጨማሪ ሰዎች ከየት መጡ? ከሟቾቹ ነው። ስሌቱ ሟቾቹን በሕይወት እንዳሉ ቆጥሮ፣ ከቀሩት በነበረው መጠን ወደ ሆስፒታል መለሳቸው። የተገኘው ቁጥር ማንም ሰው የማይሞትበት ዓለም ቁጥር ነው፤ እንዲህ ላለ ዓለም አልጋ የሚያዘጋጅ ሆስፒታል ደግሞ የለም።

እዚህ ላይ ለጸሐፊው የሚገባቸውን ልስጥ። ዕድሜ፣ መድኃኒትና መሰል ነገሮች ክስተቱን ምን ያህል እንደሚያፋጥኑ በሚለካው በኮክስ ሞዴል ውስጥ ሞትን ሴንሰር ማድረግ በራሱ ስሕተት አይደለም። የተገኘው ውጤት የመጀመሪያው ቀስት ሃዛርድ ነው፤ በሕይወት ካሉትና ገና ካልታመሙት መካከል ሕመሙ በምን ፍጥነት እንደሚደርስ ይናገራል። ይህን ማንኛውም ሶፍትዌር ያሰላዋል። ስሕተቱ የሚጀምረው ያንን ሃዛርድ ብቻውን ወስደን «በአንድ ዓመት ውስጥ ይህን ያህል በመቶ ይታመማሉ» ስንል ነው። ለዚህ ሁለተኛውም ቀስት ያስፈልጋል። ኦድ ኦለንና ሶረን ዮሐንሰን በ1978 ያወጡት ስሌት ሁለቱን አጣምሮ ትክክለኛውን ድርሻ ይሰጣል፤ በላይኛው ምሳሌ 20 በመቶ ይላል።

ጽሑፉ እንደ አማራጭ ያቀረበው ደግሞ ሕመምንና ሞትን አንድ ክስተት አድርጎ ማዋሐድ ነው። ይህ የታወቀ መለኪያ ነው፤ በ137ቱ መረጃ 83 ያልነው እርሱ ነው። ነገር ግን ማገርሸትን የሚቀንስ፣ በመርዛማነቱ ግን ቀድሞ የሚገድል መድኃኒት በዚህ መለኪያ ጉዳትም ጥቅምም የሌለው መስሎ ሊታይ ይችላል። ከዚህ በላይ ማለት አያስፈልገኝም።

አሁን ወደ ሁለቱ ሆስፒታሎች። ይህ ጥያቄ በአሜሪካ የገንዘብ ጥያቄ ነው። የአረጋውያን የጤና መድን የሆነው ሜዲኬር ከኦክቶበር 2012 ጀምሮ፣ ታካሚዎቻቸው በ30 ቀን ውስጥ ከሚጠበቀው በላይ ተመልሰው በሚተኙባቸው ሆስፒታሎች ላይ ክፍያ ይቀንሳል፤ ቅነሳው በኋላ እስከ 3 በመቶ ደርሷል። መለኪያው ሲታሰብ ከወጣ በኋላ በ12ኛው ቀን በቤቱ የሞተ ሰው እንዴት ይቆጠራል? አልተመለሰም። ለዳግም መተኛት ብቻ ከተሰላ በጥሩ ወገን ይቆጠራል ማለት ነው። ኪዩ ሃ ሊ፣ ሰባስቲያን ሃኑስና ባልደረቦቻቸው በ2015 ያሳተሙት ጥናት ያተኮረው በቆሽት ካንሰር ሕመምተኞች ላይ መሆኑ በአጋጣሚ አይደለም፤ በቆሽት ካንሰር ሞት ፈጣን ስለሆነ፣ ሞትን ወደ ጎን ትቶ ዳግም መተኛትን ማስላት ምን ያህል እንደሚያሳስት በዚህ ሕመም ላይ ጎልቶ ይታያል። ሴሚኮምፕሪስክስ ፓኬጅም ያደገው ከዚህ ሥራ ነው። ጸሐፊው «የተሻለ» ያሉት ሆስፒታል በእርግጥ የተሻለ ሊሆን ይችላል፤ ታካሚዎቹ ለመመለስ ሳይደርሱ የሚሞቱበትም ሊሆን ይችላል። ከቀረበው ሰንጠረዥ ሁለቱን መለየት አይቻልም።

አንድ ሶፍትዌር ለሁሉም ይበቃል የሚለውን ነጥብ የምመልሰው ሶፍትዌሮቹን ራሳቸውን በማንሣት ነው። በእኛ አገር የጤና ጥናቶች ኤስፒኤስኤስና ስታታ በብዛት ይሠራባቸዋል። ኤስፒኤስኤስ የካፕላን ማየርና የኮክስ ስሌት በምናሌው ላይ አለው፤ የሦስት ቀስቶች ሥዕል ግን አልተሠራለትም። ስታታ የፋይንና የግሬይን የ1999 ሞዴል የሚሠራ ትእዛዝ አለው፤ ብዙ ተማሪዎች ተፎካካሪ ክስተት ሲባል የሚያውቁት እርሱን ብቻ ነው። በዚያ ሞዴል የሞቱ ሰዎች ለሕመም ተጋላጭ ከሆኑት ተርታ ሳይወጡ እንዲቆዩ ይደረጋል። ድርሻን ለመተንበይ ይህ ይጠቅማል፤ አንድ መድኃኒት ሕመሙን በምን መንገድ እንደሚነካ ለመረዳት ግን አይጠቅምም፣ ከሕመም በኋላ ያለውን ሦስተኛውን ቀስትም አይነካውም። ስታታን የለመደ ሰው መልቲስቴት የተባለውን፣ ማይክል ክራውዘርና ፖል ላምበርት ያዘጋጁትን ተጨማሪ መጫን ይችላል፤ ሦስቱንም ቀስቶች ይሠራል። ስለዚህ ስታታን ጣሉ አልልም።

በአር በኩል ምርጫው ሰፊ ነው። ቴሪ ተርኖ ያዘጋጀው ሰርቫይቫል የተባለው ፓኬጅ ከሦስተኛው ዋና እትሙ ጀምሮ የብዙ ደረጃ ሞዴልን በቀጥታ ይቀበላል። በኔዘርላንድ በላይደን የተሠራው ኤምስቴት የሦስት ቀስቶችን ሥዕል በአንድ መስመር ትእዛዝ ያዘጋጅና መረጃውን በቀስት በቀስት ይዘረጋዋል፤ ለጀማሪ የምመክረው እርሱን ነው፣ ምክንያቱም የተዘረጋውን ሰንጠረዥ በዓይን ማየት ስለሚቻል። ታካሚው ደጋግሞ የሚተኛ ከሆነ በቦርዶ ቪርጂኒ ሮንዶና ባልደረቦቿ ያዘጋጁት ፍሬይልቲፓክ አለ፤ የ403 የአንጀት ካንሰር ሕመምተኞችን ዳግም መተኛት ለምሳሌ ይዟል።

ስሙዝሃዛርድ የተባለውን ለብቻ ማንሣት እፈልጋለሁ፤ ከሁሉም በላይ ለእኛ ክሊኒኮች ይቀርባል ብዬ ስለማምን ነው። መነሻው በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ ከ1988 ጀምሮ አረጋውያንን የተከታተለው ፓኪድ ጥናት የሚያነሣው ዓይነት ችግር ነው። የመርሳት በሽታ የጀመረበትን ቀን ማንም አያውቅም፤ መርማሪው ሲመጣ ብቻ ይታወቃል። ባለፈው ጉብኝት ጤነኛ የነበረና ከሚቀጥለው ጉብኝት በፊት የሞተ ሰው በመካከል ታሞ ነበር ወይስ አልታመመም? መዝገቡ ዝም ይላል። ቀኑ በትክክል ይታወቃል ብሎ የሚያስብ ፕሮግራም ይህን ሰው ሳይታመም ሞተ ብሎ ይመዘግበዋል፤ የሕመሙም መጠን ከእውነቱ ያነሰ ይሆናል። ስሙዝሃዛርድ ሁለቱንም ዕድል በስሌቱ ውስጥ ያስገባል። የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስድ፣ በየሦስት ወሩ የሚመጣ፣ ቲቢ እንደያዘው የሚታወቀው በቀጠሮው ቀን ብቻ የሆነ ታካሚ ያለበትን መዝገብ ያገላበጠ ሰው ይህን ችግር ወዲያው ይለየዋል።

ሶፍትዌር ሳይጠይቅ የሚወስነው አንድ ነገር ደግሞ ሰዓቱ ነው። በ300ኛው ቀን ያገረሸበትና በ400ኛው ቀን የሞተ ሰው አለ እንበል። ለሦስተኛው ቀስት ሰዓቱን ከ300 እስከ 400 ልንቆጥር እንችላለን፤ ወይም ባገረሸበት ቀን ሰዓቱን ወደ ዜሮ መልሰን ከ0 እስከ 100። የመጀመሪያው የማርኮቭ፣ ሁለተኛው የከፊል ማርኮቭ ሞዴል ይባላል፤ ሴሚኮምፕሪስክስ ተጠቃሚው ከሁለቱ አንዱን እንዲመርጥ ያደርጋል። ተማሪ በእጁ ሰንጠረዥ ሲያዘጋጅ ግን ብዙ ጊዜ ሦስተኛ ነገር ያደርጋል፤ «አገረሸበት» የሚለውን ምልክት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሰጥቶ ከ0 እስከ 400 ይቆጥራል። በመጀመሪያዎቹ 300 ቀናት ይህ ሰው ሊሞት አይችልም ነበር፤ ቢሞት ኖሮ አያገረሽበትም ነበርና። እንዲህ ያለ ስሌት ማገርሸት ዕድሜ የሚያስረዝም እንዲመስል ያደርጋል። ኮምፒውተሩ ስሕተት ብሎ አያቆመውም፤ የሚያምር ሰንጠረዥ ያወጣል።

የነጻ ፓኬጆች አይታመኑም የሚለውን አጭር ላድርገው። ሰርቫይቫል የተባለው ፓኬጅ ከአር ጋር አብሮ የሚመጣ ነው፤ ኮዱንም ማንም ከፍቶ ማንበብ ይችላል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት በ2015 ባወጣው ማብራሪያ ለስታቲስቲክስ ትንተና የትኛውንም የተለየ ሶፍትዌር እንደማያስገድድ ገልጿል። ለመድኃኒት ፈቃድ ያልተከለከለ ለመመረቂያ ጥናት ሊከለከል አይገባም። ጸሐፊው የሚሰጉት ነገር እውነተኛ ገጽታ የለውም ማለቴ ግን አይደለም። አንድ ተመራማሪ የጻፈው ፓኬጅ ጠባቂ አጥቶ ሊቀር ይችላል፤ አዲስ እትም ሲወጣ የትናንቱ ትእዛዝ ላይሠራ ይችላል። መፍትሔው የፓኬጁን ስምና የእትሙን ቁጥር በጥናቱ ውስጥ መጻፍ፣ ኮዱንም ከጥናቱ ጋር ማስቀመጥ ነው። የፈቃድ ክፍያው ተከፍሎ ለማያልቅ ሶፍትዌር፣ ወይም ከየት እንደመጣ ለማይታወቅ የተሰበረ ቅጂ ተማሪን አሳልፎ መስጠት ይበልጥ ያሰጋኛል።

ድብቅ ተጋላጭነት ጌጥ ነው ለሚለው ግማሽ በግማሽ እስማማለሁ። ሐሳቡ ቀላል ነው። በመዝገብ ላይ ዕድሜያቸው፣ ሕመማቸውና መድኃኒታቸው አንድ የሆኑ ሁለት ሰዎች በአካል ጥንካሬ ሊለያዩ ይችላሉ፤ ደካማው ቶሎ ይታመማል፣ ቶሎም ይሞታል። ጂንፌንግ ሹ፣ ጆን ካልብፍላይሽና ቢ ቹ ታይ በ2010 ባቀረቡት አካሄድ ይህ ያልተለካ ልዩነት በሦስቱም ቀስቶች ላይ የሚባዛ አንድ ቁጥር ሆኖ ይገባል፤ የቁጥሩ ስርጭት ጋማ ሲሆን፣ ቫሪያንሱ (የመለያየቱ መጠን) ቴታ በሚባል ፊደል ይጻፋል። ቴታ ወደ ዜሮ ከቀረበ ሦስቱን ቀስቶች የሚያስተሳስር ያልተለካ ልዩነት እምብዛም የለም ማለት ነው። ይህ ጌጥ አይደለም፤ ሳያስገቡት ቀርተው «ማገርሸት ሞትን በእጅጉ አፋጠነ» ሲሉ፣ ያፋጠነው ማገርሸቱ ይሁን አስቀድሞ የነበረው ድካም አልለዩትም። የምስማማበት ደግሞ ይህ ነው፦ ጋማ የሚለውን ምርጫ ከመረጃው ሙሉ በሙሉ ማረጋገጥ አይቻልም፤ መረጃው ትንሽ ሲሆን ቴታ ከአንድ ጥግ ወደ ሌላው ይዘላል። ስለዚህ ሞዴሉን ከነቴታውና ያለ ቴታ ሁለት ጊዜ መሥራት፣ ሁለቱንም ውጤት ለአንባቢ ማሳየት እመክራለሁ። ሴሚኮምፕሪስክስ ለሁለቱም ቦታ አለው። በቤይዝያን መንገድ (ቅድመ ግምትን ከመረጃ ጋር በሚያጣምር ስሌት) የሚሠራውም ክፍል ታካሚዎችን በየሆስፒታላቸው ሰብስቦ፣ የሆስፒታሎቹን ልዩነት ለዳግም መተኛትና ለሞት ለየብቻ ያሰላል፤ የሁለቱ ሆስፒታሎች ጥያቄ የሚፈልገው ይህን ነው። ጊዜ ይወስዳል፣ ስሌቱ መርጋቱን ለማየትም ከተለያየ መነሻ ደጋግሞ ማስኬድ ያስፈልጋል። ኮምፒውተሩ ሌሊት ሊሠራ ይችላል።

የመጨረሻው ነጥብ የናሙና መጠን ነው፤ እዚህ ላይ የጸሐፊው ስጋት ተገቢ ነው። ሦስት ቀስቶች ማለት መረጃውን በሦስት መክፈል ማለት ነው። በሁለተኛው ቀስት ያለፉት ሰባት ሰዎች ብቻ ከሆኑ አሥር መንስኤዎችን አስገብቶ ሞዴል መሥራት ውሸት ይወልዳል። ነገር ግን ከዚህ «ስለዚህ ሞትን እንተወው» ወደሚል ድምዳሜ መድረስ አይቻልም። የኦለንና የዮሐንሰን ስሌት መንስኤ አይጠይቅም፣ ቴታም አይጠይቅም፤ በየቀስቱ ያለፉትን ሰዎችና ቀኖቻቸውን ብቻ ይፈልጋል። በትንሽ ናሙናም ይሠራል፤ የእርግጠኝነቱ ወሰን ይሰፋል እንጂ ጥያቄው አይለወጥም። የ137ቱ ሰዎች መረጃ ራሱ ትንሽ ነው።

አንዲት ተማሪ የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በጀመሩ ታካሚዎች ላይ የቲቢን መከሰት አጥንታ ነበር። ከካርድ ክፍል እያንዳንዱን ካርድ አውጥታ፣ የሞቱትን በሞቱበት ቀን ለይታ፣ ቲቢ ከያዛቸው በኋላ የሞቱትንም ለብቻ ጽፋ መጣች። ወራት የፈጀ ሥራ ነው። በግምገማ ላይ «ሟቾቹን ከጠፉት ጋር አንድ ላይ አድርጊያቸው፣ ሶፍትዌሩ የሚቀበለው እንዲያ ነው» ተባለች፤ አደረገችም። ገምጋሚው ክፉ ሰው አልነበሩም፤ የሚያውቁትን ሶፍትዌር ተከትለው ነው። ያ የለፋችበት ዓምድ ግን ከጥናቱ ወጣ፤ በመጀመሪያው ወር ቲቢ ሳይታወቅባቸው የሞቱት ሰዎችም ወደ ሌላ ጤና ጣቢያ እንደተዛወሩት ተቆጠሩ። የጸሐፊውን ሁለተኛ ነጥብ ሳነብ ትዝ ያለችኝ እርስዋ ናት።

ጸሐፊው ጽሑፋቸውን አሻሽለው እንደሚያወጡት ቃል ገብተዋል። የምጠይቃቸው አንድ ነገር ነው። በሁለቱ ሆስፒታሎች ሰንጠረዥ ላይ ሁለት ዓምዶች ይጨምሩልን፤ አንዱ ከወጡ በኋላ ሳይመለሱ የሞቱትን፣ ሌላው ተመልሰው ተኝተው የሞቱትን የሚያሳይ። የትኛው ሆስፒታል እንደሚሻል ያን ጊዜ እንነጋገራለን።